መጠነኛ የተራራ ብስክሌት ጉዞ ከፉሪ እስከ ሱባ ደን፤ ለተጓዡና ለሻጩ የሚያስፈልግ ዝግጅት

የተራራ ብስክሌት የሚባለው ዕቃ በሱቅ ሲሸጥ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎም ቀለሙንና የማርሹን ብዛት ይጠይቃል። ብስክሌቱ በምን ዐይነት መንገድ ላይ እንደሚነዳ፣ ነጂው ምን ያህል አቀበት ለመውጣት እንዳሰበ፣ ጎማውም ከከተማ ርቆ ቢፈነዳ ምን እንደሚያደርግ ግን ገዢው ሳይጠይቅ ሻጩም ሳይናገር ይለያያሉ። በዚህ ምክንያት በፉሪና በሰበታ በኩል ወደ ሱባ ደን ለመውጣት የተነሣ ሰው መንገዱን ከማጋመሱ በፊት ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ለመመለስ ይገደዳል። እንዲህ ያለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በሱቁ ባንኮኒ ላይና በጉዞው ዋዜማ ስለ ሆነ፣ የጉዞውን አዘገጃጀት ማወቅ ለተጓዡ ብቻ ሳይሆን ለአስመጪውና ለባለ ሱቁም ተገቢ ነው።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ኢትዮጵያ በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከተወዳዳሪዎቿ መካከል ብስክሌት ነጂዎች ነበሩ፤ በ2016ም ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ በተባለው ታላቅ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህ ሁሉ ግን የአስፋልት ብስክሌት ነው። የተራራው ብስክሌት ልደቱ ሌላ ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፣ ታማልፓይስ በተባለው ተራራ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት ጥቂት ወጣቶች ወፍራም ጎማ ባላቸው አሮጌ ብስክሌቶች የጥርጊያ መንገዱን ቁልቁል ይወርዱ ነበር። የኋላ ጎማው ፍሬን በግለት የተነሣ ውስጡ ያለው ግራሶ እየተቃጠለ ያልቅ ስለ ነበር፣ ከእያንዳንዱ ቁልቁለት በኋላ እንደ ገና ግራሶ መሙላት ግድ ሆነ፤ በ1976 የተጀመረውም ውድድራቸው ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። ለነጋዴ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው። ማይክ ሲንያርድ የተባለው ሰው በ1974 የጣሊያን የብስክሌት ዕቃዎችን ወደ አሜሪካ በማስመጣት ንግድ ጀመረ፤ የወጣቶቹን ፍላጎት ተመልክቶም በ1981 በጃፓን የተሠራ የተራራ ብስክሌት በብዛት ለገበያ አቀረበ። የመለዋወጫ አስመጪ የነበረው ሰው የአንድ ታላቅ ኩባንያ ባለቤት የሆነው ደንበኛው በምን መንገድ ላይ እንደሚነዳ ስላወቀ ነው። የተራራ ብስክሌት ውድድርም በ1996 በአትላንታ ወደ ኦሊምፒክ ገባ።

ወደ ጉዳዩ ስንመለስ፣ «መጠነኛ» የሚለው ቃል ልክ ያለው ቃል ነው። ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር መንገዶችን በምልክት ይመድባል፤ አረንጓዴ ክብ ለቀላሉ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ለመጠነኛው፣ ጥቁር አልማዝ ለአስቸጋሪው ነው። በዚህ አመዳደብ መጠነኛ የሚባለው መንገድ ስፋቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፣ አማካይ አቀበቱ ከመቶ 10 እጅ ያልበለጠ፣ ነጂው ሊያልፈው ግድ የሚሆንበትም ድንጋይ ወይም ሥር ከፍታው ከ20 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ነው። ከመቶ 10 እጅ ማለት አንድ መቶ ሜትር ወደ ፊት ሲሄዱ 10 ሜትር ወደ ላይ መውጣት ማለት ነው። በሱባ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ተተክሎ ይገኛል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ስለዚህ ተጓዡ ልኩን ይዞ ራሱ ይመድባል።

ፉሪና ሰበታ ዛሬ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ያሉ ክፍለ ከተሞች ናቸው። የፉሪ ተራራ ራሱ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ ሰበታ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። ከሰበታ በስተሰሜን ምዕራብ የወጨጫ ተራራ አለ፤ ጫፉ 3,385 ሜትር ይደርሳል። የመናገሻ ሱባ ደን የሚገኘው በዚሁ ተራራ ጎን ላይ ሲሆን፣ አስተዳዳሪው የኦሮሚያ ደንና የዱር እንስሳት ድርጅት ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተክለውበታል። ከታች ጽድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ወደ ጫፉ ደግሞ አስታ ይታያል፤ ጉሬዛና በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሚጠራው ጥቁር ድኩላም ይኖሩበታል።

ከእነዚህ ቁጥሮች የመጀመሪያው ውሳኔ ይገኛል። ከሰበታ እስከ ወጨጫ ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ጫፉን መድረሻ ያደረገ ሰው መጠነኛ ጉዞ አቅዷል ሊባል አይችልም፤ ያም ጉዞ ለእግረኛ የተመቸ ነው። መጠነኛው ጉዞ በደኑ ውስጥ ባለው የመኪና ጥርጊያ ላይ የሚወሰነው ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ሳስቶ ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአራት ሦስት እጁ ብቻ ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህን የለመደ ስለ ሆነ ብዙም አይከብደውም፤ ከድሬዳዋ ወይም ከውጭ አገር ከመጣ አንድና ሁለት ቀን ያልሞላው እንግዳ ግን ከባልንጀሮቹ እኩል ይወጣል ብሎ ማሰብ አይገባም።

መነሻውን በሚመለከት፣ ከፉሪ እስከ ሰበታ ያለው መንገድ የጅማ አውራ ጎዳና ነው። የጭነት መኪና፣ ኢሱዙና ሚኒባስ ያለማቋረጥ ይመላለሱበታል፤ የመንገዱም ዳር ለብስክሌት የተሠራ አይደለም። በዚህ መንገድ ላይ ብስክሌት እየነዱ ኀይልንና ትዕግሥትን ከመጨረስ፣ ብስክሌቶቹን በፒክ አፕ ጭኖ ሰበታ ድረስ ማድረስ ይሻላል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ በከንቱ የወጣ አይደለም። ከሰበታ ወደ ሱባ የሚታጠፈው ግን የፒስታ መንገድ ነው፤ እውነተኛው ጉዞ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ከመነሣት በፊት ደኑ ለጎብኚ ክፍት መሆኑን፣ የመግቢያውን ዋጋ፣ ብስክሌት የሚፈቀድባቸውን መንገዶችና የአካባቢውን ጸጥታ ከደኑ ጽሕፈት ቤትና ከአካባቢው አስተዳደር መጠየቅ ግዴታ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ሒሳብ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። በ1:50,000 ካርታ ላይ መንገዱን በክር ተከትሎ መለካት፣ መንገዱ የሚያቋርጣቸውንም የከፍታ መስመሮች መቍጠር ይቻላል፤ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ከፍታ በካርታው ኅዳግ ተጽፎ ይገኛል። ይህንኑ የሚያሰላ የስልክ ካርታም አለ። ርቀቱና ከፍታው ከታወቀ በኋላ በፒስታ ላይ ለልማደኛ ያልሆነ ነጂ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱም 100 ሜትር አቀበት 12 ደቂቃ ጨምሮ ማሰብ ደኅና ግምት ይሰጣል። ለምሳሌ ደርሶ መልሱ 30 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ በድምሩ 600 ሜትር ቢሆን፣ ለርቀቱ 3 ሰዓት፣ ለአቀበቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ለዕረፍትና ለጥገና አንድ ሰዓት ይያዝና 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይሆናል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተነሣ ሰው 6 ሰዓት ካለፈ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። ከረፋዱ 5 ሰዓት የተነሣው ግን የሚመለሰው ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ነው፤ አንድ ጎማ ቢፈነዳ፣ አንድ ሰው ቢደክም፣ ወይም የከሰዓት ዝናብ ቢጥል በደኑ ውስጥ ይመሽበታል። በደጋ ደን ውስጥ ሲመሽ ብርዱ ወዲያው ይጠነክራል፤ ጅብም ከጎሬው ይወጣል።

ከዚሁ ሒሳብ የመንገዱ ክብደትም ይታወቃል። 600 ሜትሩ አቀበት በ15 ኪሎ ሜትር ላይ የተዘረጋ እንደ ሆነ ከመቶ 4 እጅ ብቻ ነው፤ ማንም ጤነኛ ሰው በትዕግሥት ይወጣዋል። ያው 600 ሜትር በ4 ኪሎ ሜትር ውስጥ የተከማቸ እንደ ሆነ ግን ከመቶ 15 እጅ ይሆንና ከመጠነኛው ልክ ያልፋል። ርቀቱን ብቻ ጠይቆ የሚነሣ ሰው ይህን ልዩነት አያየውም።

ስለ ወቅቱ ሲታሰብ ከሁሉ በፊት የሚነሣው የአፈሩ ነገር ነው። በፉሪና በሰበታ ሜዳ ላይ ያለው አፈር በብዙ ቦታ ዋልካ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ደግሞ እንደ ሙጫ ከጎማው ጋር ይጣበቅና በጎማውና በሹካው መካከል እየተጠቀጠቀ ጎማው እስከ መቆም ያደርሰዋል። ብርቱ ነጂም ቢሆን ከዚህ ጋር ሊታገል አይችልም፤ ጭቃውን በእንጨት እየፋቀ ብስክሌቱን ተሸክሞ ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለውም። ማርሹን በግድ የሚገፋ ሰው ሰንሰለቱን ይበጥሳል፤ የማርሽ መለወጫውንም ይሰብራል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ወራት ለዚህ ጉዞ አይመችም። ጥሩው ወራት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ስለሚኖር ዝናብ በጣለ ማግሥት ሜዳውን መተውና ድንጋያማውን መንገድ መምረጥ ይገባል። ባሕር ዛፍ በበዛበት ቁልቁለት ደግሞ የወደቀው ቅጠል በደረቅም በእርጥብም ያንሸራትታል፤ የፊት ፍሬን በዚያ ላይ በድንገት አይያዝም።

ስንቅን በሚመለከት የአገራችን ምግብ ከውጭ ከሚመጣው የታሸገ ጣፋጭ አያንስም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮና ሙዝ ለአምስት ሰዓት ጉዞ ይበቃሉ። ውሃ ለአንድ ሰው በሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሊትር ይታሰብ። በረቡዕና በዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ጉዞ ሲደረግ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይበላ ባልንጀራ ሊኖር ስለሚችል፣ የጉዞው መሪ አስቀድሞ መጠየቅና አቀበቱን በዚያው ልክ ማሳጠር አለበት። የባልንጀሮቹ ቁጥር ከአራት እስከ ስድስት ቢሆን መልካም ነው፤ ፍጥነቱም በመጨረሻው ሰው ይወሰናል። የሚመለሱበትም ሰዓት ለቤተ ሰብ ተነግሮ ይሂድ፤ ስልክ በየሸለቆው አይሠራምና።

መንገዱ የገበሬው መንገድ ነው። እንጨት የተጫኑ አህዮች፣ ከብትና ገበያተኛ ይመላለሱበታል። ነጂው ከሩቅ ደወል ማሰማት፣ ጭነት የያዘ እንስሳ ሲመጣ ወርዶ መቆም፣ የመንደሩንም ሰው በኦሮምኛ «አካም» ብሎ ሰላምታ መስጠት ይገባዋል። ውሻ ሲመጣ ፈጥኖ ማምለጥ ውሻውን ያበረታታል፤ ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ ቀስ ብሎ ማለፍ ይሻላል።

እንግዲህ ስለ ብስክሌቱና ስለ መለዋወጫው መናገር ያስፈልጋል፤ በዚህ ረገድ ባለ ሱቁ ከተጓዡ የበለጠ ኀላፊነት አለበት። የተራራ ብስክሌት መልክ ያላቸው ነገር ግን ለተራራ ያልተሠሩ ብስክሌቶች በገበያ ሞልተዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ከጥርጊያ መንገድ ውጭ መንዳት እንደማይገባ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎባቸው ይመጣል። ያን ወረቀት አንብቦ ለደንበኛው መተርጐም የሻጩ ሥራ ነው። አይ ኤስ ኦ 4210 የተባለው የብስክሌት ደኅንነት ደረጃ የተራራ ብስክሌትን ከከተማ ብስክሌት ለይቶ ይፈትናል፤ አስመጪው ዕቃ ሲያዝ ይህ ፈተና መደረጉን የሚያሳይ ወረቀት ከአምራቹ መጠየቅ ይችላል።

ከሁሉ የበለጠ ስሕተት የሚሠራው በጎማ ልክ ነው። «26 ኢንች» ብሎ ጎማ ማዘዝ በቂ አይደለም። የተራራ ብስክሌት 26 ኢንች ጎማ በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 559 ሚሊ ሜትር ነው፤ 26 በ1 3/8 የሚባለው የአሮጌው የከተማ ብስክሌት ጎማ ግን 590 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም 26 ይባላሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ፈጽሞ አይገባም። 27.5 ኢንች የሚባለው 584 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 29 ኢንች የሚባለው ደግሞ 622 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም 700 ሲ ከሚባለው የአስፋልት ብስክሌት ልክ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ በጎማው ጎን ላይ የታተመውን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 57-559 ተብሎ ቢጻፍ የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው የዲያሜትሩ ልክ ነው። ባለ ሱቁ በመደርደሪያውና በመዝገቡ ላይ ይህን ሁለተኛ ቁጥር ቢጽፍ ብዙ የተመላሽ ዕቃ ጭቅጭቅ ይቀርለታል። የውስጥ ጎማ ማለት ካላማዳሪያ የሚለጠጥ ስለ ሆነ በችግር ጊዜ የ584ቱ ለ559 ወይም ለ622 ሊያገለግል ይችላል፤ የውጭ ጎማ ግን እንዲህ አይደረግበትም።

የቫልቮላውም ዐይነት መታየት አለበት። ቀጭኑ ቫልቮላ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ሲፈልግ፣ የመኪና ዐይነት የሚባለው 8 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። በአውሮፓ ቀጭኑ ይወደዳል፤ ለሰበታ መንገድ ግን የመኪናው ዐይነት ይመረጣል። ምክንያቱም በጅማ መንገድ ዳር ያሉት ጎሚስታዎች የሚሠሩት ለጭነት መኪና ነው፤ የእነርሱም ቱቦ ከመኪና ቫልቮላ ጋር ብቻ ይገጥማል። ቀጭን ቫልቮላ ያለው ሰው ትንሽ የነሐስ መለወጫ ካልያዘ በጎሚስታው በር ላይ ቆሞ አየር ያጣል። ይህ መለወጫ ዋጋው ጥቂት፣ ቦታውም ኢምንት ነው፤ ቀጭን ቫልቮላ ያለው ብስክሌት የሚሸጥ ባለ ሱቅ አብሮ ቢሰጠው አይጎዳም። የመኪና ኮምፕረሰር ካላማዳሪያን በቅጽበት ሊያፈነዳ ስለሚችል ጎሚስታው በጥቂት በጥቂቱ እንዲነፋ ይነገረው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ነጂ በፒስታ ላይ 2 ባር ያህል አየር ይበቃል፤ ጎማን እንደ ድንጋይ አጠንክሮ መንፋት በጠጠር ላይ ያንሸራትታል፤ እጅግ ማላላት ደግሞ ድንጋይ ሲመታው ካላማዳሪያውን በቸርኬው ያስቆርጠዋል። በደኑ ጠርዝና በአጥር ላይ ቀጋና ግራር ስላለ እሾህ አይታጣም። ተጓዡ ሁለት ካላማዳሪያ፣ ማጣበቂያና ልጣፊ፣ የጎማ ማውጫ፣ የእጅ ፖምፓ፣ የ4፣ የ5ና የ6 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ፣ የሰንሰለት መፍቻና አንድ የሰንሰለት ማያያዣ ይያዝ። ባለ ሱቁም እነዚህን በአንድ ከረጢት አድርጎ ከብስክሌቱ ጋር ቢያቀርብ ሽያጭ ይጨምርለታል፤ ደንበኛውም በሰላም ተመልሶ ሌላ ደንበኛ ያመጣለታል።

ስለ ፍሬን የካሊፎርኒያ ወጣቶች ግራሶ የሚያስታውሰው ነገር አለ። ረጅም ቁልቁለት ፍሬንን ያግላል። በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ጥሩ ኀይል አለው፤ ነገር ግን አንዳንዱ በማዕድን ዘይት፣ አንዳንዱ ዶት በሚባለው የፍሬን ዘይት ይሠራል። አንዱ በሌላው ቢተካ ጎሚኒው ተበላሽቶ ፍሬኑ ይጠፋል። ዘይቱን አብሮ የማያስመጣ ነጋዴ በሽቦ የሚሳበውን የዲስክ ፍሬን ቢያስመጣ ይሻላል፤ ማንም ሠራተኛ ሊያስተካክለው ይችላል። የራስ ቁር ያለ ደረጃ ምልክት አይገዛም፤ የአውሮፓው ኢ ኤን 1078 ወይም የአሜሪካው ሲ ፒ ኤስ ሲ በውስጡ ተለጥፎ ይገኝ።

በመጨረሻ ለአስመጪዎች የጉምሩክ አመዳደብ ይታወሳል። ብስክሌት በ8712፣ የብስክሌት መለዋወጫ በ8714 ይመደባል። የውጭ ጎማና ካላማዳሪያ ግን ከጎማ ምዕራፍ ስለ ሆኑ በ4011.50 እና በ4013.20፣ የራስ ቁርም በ6506.10 ይመደባሉ። ሁሉን በአንድ መስመር «የብስክሌት መለዋወጫ» ብሎ በፋክቱር ማስጻፍ በምደባው ላይ ክርክርና መዘግየት ያመጣል፤ የዘገየ ዕቃ ደግሞ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኪራይ እየበላ ይቆያል። የጉዞው ወራት በጥቅምት ስለሚከፈት፣ ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ የሚመጣ ዕቃ ትእዛዙ በግንቦት ወይም ቢዘገይ በሰኔ መጀመሪያ መተላለፍ አለበት፤ በነሐሴ ያዘዘ ነጋዴ ካላማዳሪያውን የሚያገኘው ጥሩዎቹ ወራት ከተጋመሱ በኋላ ነው።